የውሃው ጓዳ

«የግድቡን የታችኛውን በር ሊከፍቱት ነው» አለች በረዶ ሻጯ። «እስከ ጭቃው ድረስ ሊያፈሱት ነው። ከማን እንደሰማሁ አትጠይቁኝ እንጂ የሰማሁት ከሚያውቅ ሰው ነው።»

ማንም አልጠየቃትም። እሷ ግን በየማለዳው አትጠይቁኝ እያለች ትለምን ነበር። የበረዶውን ጆንያ ከጋሪዋ ስታወርድ ትናገራለች፣ ሰጋቱራውን ከበረዶው ላይ ስታራግፍ ትደግመዋለች፣ ጋሪዋን አዙራ ስትሄድ ደግሞ ለመንገዱ ትነግረዋለች። በሄደችበት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ትጨምርበታለች። አንድ ቀን ግድቡ ሊታደስ ነው፤ በሌላው ቀን ግድቡ ተሰንጥቋል፤ ቀጥሎ ደግሞ ከታች ያሉት እርሻዎች ውሃውን ወስደውታል፣ ለእኛ የቀረልን ጭቃው ነው። ወሬዋ እንደ በረዶዋ አልነበረም፤ ፀሐይ ላይ በዋለ ቁጥር እየገዘፈ ይሄድ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ የማላውቀው ነገር እንደሌለ አውቅ ነበር። አሁንም ብዙ አልተሻልሽም የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ።

ውሃው በዚያ ዓመት ሸሽቶን ነበር። ወንዙ ከተገደበ ወዲህ እንደዚያ ዝቅ ብሎ አያውቅም ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ጀልባ የምናስርበት የእንጨት መድረክ በረጃጅም እግሮቹ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከሥሩ ዶሮዎች ይጭሩ ጀመር። ከመድረኩ እስከ ውሃው ያለው ጭቃ ላዩ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ውስጡ ገና ሊጥ ነው፤ ሰው ተማምኖ ይረግጠውና እስከ ጉልበቱ ይገባል። ወንዶቹ ጀልባቸውን በድቡልቡል ግንድ ላይ እያንከባለሉ ውሃው ጋ እስኪያደርሱ ጠዋቱ ያልፍባቸዋል። ድሮ ግድቡ ሲሠራ ውሃ የዋጣቸው ዛፎች ጉቷቸውን አወጡ፣ ጥቁር፣ ልጣጭ የሌለው ጉቶ። ውሃው ሞቀ፣ አረንጓዴ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ሰርግና ምላሽ ነበር። ውሃው ሲጠብ ዓሣው ተጨናነቀ፤ መረብ የጣለ ሁሉ ጎትቶ መጨረስ አቃተው። በረዶ ሻጯ እየተመላለሰች ታመጣለች፣ አይበቃም። ፊቱ ያልተፈታው አባዬ ብቻ ነበር። «ዓሣው አልበዛም» ይላል፣ «ቤቱ ነው የጠበበው።» ከዚያ አምባዛው ጠፋ። ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ መዳፍ አከለ፣ ቀጥሎ ጣት አከለ። በመጨረሻ መረቦቹ ቅጠልና ጭቃ ብቻ ይዘው መምጣት ጀመሩ።

ያልተነካ አንድ ቦታ ቀረ፤ ጓዳው።

ጓዳው የሚሉት ከግድቡ ግንብ ሥር ያለውን ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ የድሮው ወንዝ የሚሄድበት ነበር። ሌላው ሁሉ ቢደርቅ እሱ አይደርቅም። የዚያ ዳርቻ ሰዎች የተጻፈ ሕግ አልነበራቸውም፤ አንድ ነገር ግን ነበራቸው። ውሃ የዋጠው የድሮ ድልድይ ጀርባውን ካወጣ፣ ተመልሶ እስኪሸፈን ድረስ ጓዳው ላይ መረብ አይጣልም። ውሃው ሲመለስ ሐይቁን የሚሞላው ዘር የተቀመጠው እዚያ ነው። ጓዳውን የነካ የጀልባ ቦታውን ያጣል፤ የጀልባ ቦታ ያጣ ደግሞ ዕቃውን ሸክፎ ከዳርቻው ይሄዳል። ይህን የሚያስከብረው አባዬ ነበር። ማንም አልሾመውም፤ ማን በማን መረብ ላይ ጣለ፣ የማን ጀልባ ይቅደም እያሉ ሲነታረኩ የሚመጡት እሱ ዘንድ ስለሆነ «ዳኛው» ይሉት ነበር።

ድልድዩ ጀርባውን ካወጣ ቆይቶ ነበር። አሁን እግሮቹም መታየት ጀምረዋል። የበረዶ ሻጯ ወሬ የሚያቃጥለውም እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው እስከ ጭቃው የሚፈስ ከሆነ ጓዳው የሚጠበቀው ለማን ነው?

«ለማን ነው የምናስቀምጠው ጋሼ?» አለ ትንሹ አጎቴ አንድ ጠዋት፣ ጀልባውን እያንከባለሉ። የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ በአንድ ጀልባ ነበር የሚሠሩት። «ለወፎቹ ነው? ወይስ ለጭቃው?»

«ለሚመጣው ዓመት።»

«የሚመጣው ዓመት ሲመጣ ይበላ። እኔ የማወራህ ስለ ዛሬ ነው። ሚስቴ መውለጃዋ ደርሶ እኔ ይዤላት የምገባው ሽንኩርት ነው።»

«ሴትዮዋ በረዶዋን ትሽጥ» አለ አባዬ። «ስለ ውሃ ሌላ ሰው ያውቃል።»

«አንተ ነሃ?»

አባዬ ጎንበስ አለ። ግንዱን ከጀልባው ሥር አስተካከለና «ግፋ» አለው። አጎቴ ገፋ። እየገፋ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ ከአባዬ ጀርባ ሆኖ፣ የአባዬን ኮስታራ ፊት አስመስሎ አሳየኝ። በሳቅ ፈረስኩ። ከሰው ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። «ምላሳሟ» ይለኛል፤ ሌላ ሰው ቢለኝ እናከሳለሁ፣ እሱ ሲለኝ ግን ማዕረግ ይመስለኝ ነበር።

አባዬ ሌባ መሆኑን የደረስኩበት በዚያው ሰሞን ነው።

ጎህ ሲቀድ ሽንቴ ቀስቅሶኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከጓሯችን ቁልቁል ዳርቻው ይታያል። አባዬ ከሌሎቹ ጀልባዎች ርቆ፣ ሸንበቆው ውስጥ፣ ትንሿን ታንኳ ብቻውን ሲገፋ አየሁት። ታንኳዋ ላይ ሸራ ተጥሏል፤ ሸራው ጉብ ብሏል። ከክብደቷ የተነሳ ጠርዟ ከውሃው እኩል ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ቀስ እያለ ወደ ግድቡ ግንብ ቀዘፈ። እኔ እዚያው በባዶ እግሬ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲመለስ ታንኳዋ እንደ ቡሽ ቀልላለች፤ ሸራው ተጣጥፏል፤ ጭነቱ የለም።

ዓሣ አጥማጅ ባዶውን ሄዶ ከብዶት ይመለሳል። የእኔ አባት ከብዶት ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ነገሩን ፈታሁት፤ በመፍታቴም ኮራሁ። አባዬ ከጓዳው ይሰርቃል። የሰረቀውን ሸንበቆ ውስጥ ይደብቃል። ጎህ ሲቀድ በግንቡ በኩል አሻግሮ ለበረዶ ሻጯ ያስረክባታል። እሷም ወሬ የምታበዛው ሰው አፏን ሲያይ ጋሪዋን እንዳያይ ነው። እሱም ጓዳውን አትንኩ የሚለው ብቻውን ሊነካው ነው።

ቁርስ ላይ እጁን አየሁት። ከአይበሉባው እስከ ክርኑ በቀጫጭን ጭረት ተዥጎርጉሯል።

«ምን ቧጨረህ አባዬ?»

«ድመት።»

ድመት የለንም።

የጓሯችን የእሾህ አጥርም በየቀኑ ሲሳሳ እያየሁ ነበር። ለማገዶ እየሸጠው ነው ብዬ ከቀረው ጥፋቱ ጋር ደመርኩበት። ዛሬ ሳስበው አጥሩም ጭረቱም ዓይኔ ሥር ተቀምጠውልኝ ነበር፤ ግን በዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ሰው አንዴ ሌባ ካገኘ ሌላ ነገር አይፈልግም። ሸራው ሥር የነበረው አጥራችን ነው። አባዬ የእሾሁን ቅርንጫፍ ከድንጋይ ጋር እያሰረ ጓዳው ውስጥ ያሰጥም ነበር፤ መረቡን የሚጥል ቢኖር እንዲተለትልበት። በቃሉ የሚያስቆማቸው እንዳልሆነ ገብቶት ነበር።

እማዬ መረብ ጠጋኝ ናት። በረንዳው ላይ ሁለት ምስማር ተመትቶላታል፤ መረቡን እዚያ ላይ ዘርግታ፣ ክሩን የጠመጠመችበትን የእንጨት መርፌ እያመላለሰች ትውላለች። በዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶላት ነበር። ዓሣ የለም፣ የተቀደደ መረብ ግን መዓት ነው። የሚያመጡት ሁሉ «ጉቶ ነው» ይሏታል። ጉቶ እውነትም መረብ ይቀድዳል፤ ጉቶ ግን አንድ ቦታ ይይዝና በረጅሙ ነው የሚሸረክተው። መረብ ድሮም ቀዳዳ ነው፤ የእነዚህ ግን ቀዳዳቸው ራሱ ቀዳዳ ነበረው።

አንድ ከሰዓት ጢሞ መጣ። ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ፣ ጉራው ከጢሙ የሚረዝም ሰው ነው። መረቡን አወረደና እንደ ሌሎቹ ጥሎላት አልሄደም። «እጠብቃለሁ» ብሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«ጉቶ ነው» አለ፣ ሳትጠይቀው።

«የቱ ጉቶ?»

«የላይኛው ነዋ።»

«ጥርስ አውጥቷል ማለት ነው» አለች እማዬ፣ ቀና ሳትል።

ጢሞ አልሳቀም። ዓይኑ ከእጆቿ አልተነቀለም። እማዬ ክሩን ትስባለች፣ ትቋጥራለች፣ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆም ይላል፤ ከዚያ ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ እንደሆነ ሁሉ መረቡ ላይ ትደፋለች። ቀና ስትል ጉንጯ ትንሽ አብጧል። እንደገና ቆም፣ እንደገና ደፋ። እኔ ከበሩ ሥር ተቀምጬ አየኋት። የሆነ ነገር አፏ ውስጥ እየከተተች ነው።

ከረሜላ! እኛ ሽንኩርትና ዳቦ እየቆረጠምን እማዬ መረብ ውስጥ ከረሜላ ደብቃ ብቻዋን ትመጠምጣለች። በቤታችን ውስጥ የማይሰርቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው።

«ምንድን ነው የምታኝኪው?» አለ ጢሞ።

«ጥርሴን አሞኝ ነው» አለች፤ ቃሉ ከአፏ በደንብ አልወጣላትም። «ቅርንፉድ ነው።»

ቅርንፉድ በቤታችን የለም። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ለእኔስ?»

ዞር ብላ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ ዝም በዪ የሚል ብቻ አልነበረም፤ አንድ ትልቅ ሰው ሌላ ትልቅ ሰው ሲለምን የሚያየው ዓይነት ነበር። እኔ ግን የምለመን ልጅ አልነበርኩም።

«ከረሜላ ነው! ብቻዋን ትበላለች! ለእኔም ስጪኝ!»

«ስጫት እንጂ» አለ ጢሞ። አሁን ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ከደፉ ተነሣ። «ልጅ አይደለች እንዴ? ክፈቺና አሳያት።»

እማዬ መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጉንጯ አንዴ ተንቀሳቀሰ። ጉሮሮዋ ወጣ፣ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ዓይኗ ውሃ ሞላ። ከዚያ አፏን ከፍታ ለሁለታችንም አሳየችን። ባዶ ነው። ከንፈሯ ውስጥ ትንሽ ደም ነበር።

«አለቀ» አለች።

ጢሞ አፏን አየ፤ ጓሯችን ውስጥ የሳሳውን አጥር አየ፤ ተመልሶ እሷን አየ። ሁሉም ነገር እንደገባው ዛሬ አውቃለሁ። ግን ምን ይበል? በመረቤ ውስጥ የአጥራችሁ እሾህ ተገኘ ቢል፣ መረብህን የት ጥለህ ነበር ይባላል። እሷ እሾኋን ዋጠች፣ እሱ ቃሉን ዋጠ። መረቡን ለነገ ጨርሺልኝ ብሎ ወጣ።

እማዬ በርበሬ ከምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ኋላ አንድ ማንኪያ ስኳር አውጥታ ሰጠችኝ። ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። «ያውልሽ» አለች፣ «ከረሜላሽ።» ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ዳቦ መዋጥ አልቻለችም፤ ውሃ ስትጠጣ እንኳ አንገቷን ትይዝ ነበር። ስግብግብ ስለሆነች ነው አልኩ።

በዚያው ምሽት፣ ከመጋረጃው ወዲህ ተኝቼ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሰው ቢያዝበትስ?» አለች እማዬ፤ ድምፅዋ ሻክሯል።

«የሚያዝበት መረብ ነው።»

«መረብ ባለበት ሰው አለ።»

«አንዴ ሲቀደድበት ይተወዋል። እስካሁን ሁለቴ የጣለ የለም።»

«ለወንድምህ እንኳ ንገረው እባክህ።»

«ለሱ ነገርኩ ማለት በረዶ ሻጯ ጋሪ ላይ ጫንኩት ማለት ነው። አፉን አታውቂውም? ደግሞም የራሴ ጀልባ ሰው ነው። እሱ አይነካውም።»

«ርቦታል እኮ።»

«ሁላችንም ርቦናል።»

እኔ የሰማሁት የሰረቀውን ከገዛ ወንድሙ ሲደብቅ ነው። ያ የሚያስቀኝ ሰው ተርቦ፣ አባቴ ድርሻውን ሲከለክለው። በማግስቱ ጠዋት አባዬን ደህና አደርክ አላልኩትም፤ እሱም ልብ አላለም፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ተመልሶ፣ የተቧጨረ እጁን በአመድ እያሸ ነበር።

አጎቴ ያን ቀን ወገቤን አሞኛል ብሎ ከጀልባው ቀረ። አባዬ ብቻውን ወደ ላይኛው ጉቶ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ አጎቴ ወገቡን ቀጥ አድርጎ እኛ ቤት መጣ።

«እትዬ፣ የጢሞን መረብ ስጪኝ። እግረ መንገዴን አድርስለት ብሎኛል።»

እማዬ ሰጠችው። ለምን አትሰጠውም? ትከሻው ላይ ጥሎት ሲያልፍ ጆሮዬን ቆንጠጥ አደረገኝና በሹክሹክታ፣ «ምላሳሟ፣ ዛሬ አምባዛ ትበያለሽ» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። አውቋል! የአባዬን መደበቂያ ደርሶበታል፤ ሄዶ ሊያወጣው ነው። እኔም ሳልነግረው በራሱ ደረሰበት፣ ያው የእኔ አጎት አይደል። በጭቃው ዳር ዳር ተከትዬው ሄድኩና ከድልድዩ ጫፍ፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጓዳው ፊት ለፊት ነው። ውሃው እዚያ አረንጓዴ አይደለም፤ ጥቁር ነው፤ የግንቡ ጥላ ያርፍበታል።

አጎቴ በትንሿ ታንኳ ደረሰ። ግራ ቀኙን አየ። መረቡን ቀስ እያደረገ ለቀቀው፤ የመረቡ ቡሾች ተራ በተራ ወርደው ውሃው ላይ ተሰለፉ። ጠበቀ። ከዚያ ይስብ ጀመር። ትንሽ መጣለት፤ ቆመ። እንደገና ሳበ፤ ታንኳዋ ተዘነበለች። እግሩን ጠርዙ ላይ ደግፎ በሙሉ ጉልበቱ ሳበ። መረቡ አልመጣም። ከባድ ነው፣ ሞልቷል ማለት ነው! እኔ ድንጋዩ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ።

መረቡ የራሱ ቢሆን ቆርጦት ይሄድ ነበር። የጢሞ ነው፤ ጢሞ ደግሞ አድርስልኝ አላለውም። ሸሚዙን አወለቀ። ቢላውን በጥርሱ ነከሰና ገባ።

ውሃው ከሱ በላይ ተዘጋ። ቡሾቹ ይወዛወዛሉ። አንዱ ጥልቅ ብሎ ሰጠመ፣ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሁለቱ አብረው ሰጠሙ፣ አልወጡም። ዓሣው እየጎተተ ነው አልኩ። ይዞት ሲወጣ እንዳያመልጠኝ ዓይኔን እንኳ አልጨፈንኩም። ከዚያ የቀሩት ቡሾች መወዛወዛቸውን አቆሙ። ታንኳዋ ቀስ ብላ ፊቷን አዞረች። ወፍ እንኳ አልጮኸም።

ከኋላዬ የእማዬ ድምፅ መጣ። ጢሞ መረቡን ሊወስድ መጥቶ ኖሯል፤ ማንንም እንዳልላከ ሲነግራት ነገሩ ገብቷት ነው በሩጫ የመጣችው። የጮኸችው በዚያ በቆሰለ ጉሮሮዋ ነበር፤ ከሰው የወጣ ድምፅ አይመስልም። ጭቃው ውስጥ እስከ ጭኗ ገብታ፣ ባዶዋን ታንኳ እያሳየች፣ «እዚያ ነው! እዚያ ገብቷል!» ትላለች።

አባዬ ከሩቅ ሰማ። መረቡን ውሃ ውስጥ እንደተዘረጋ በቢላ ቆርጦ ጣለው፤ ያንን ሳይ ነው መጀመሪያ የፈራሁት። መረቡን የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ቀዝፎ ደረሰ። ታንኳዋ ባለችበት አልዘለለም። አልፏት ሄደ፤ ወደ ግንቡ ተጠግቶ፣ በአንድ ቀዳዳ በኩል የሚገባ ይመስል፣ በአንድ በኩል ብቻ ገባ። በገዛ ቤቱ በጨለማ እንደሚሄድ ሰው። ዳርቻው ላይ የተሰበሰቡት ወንዶች ሁሉም ይህን አዩት።

ወጣ። ገባ። እንደገና ወጣ፣ አፉን ከፍቶ አየር ጎረሰና ገባ። ሲመለስ አጎቴን በጸጉሩ ይዞት ነበር።

ጭቃው ላይ በሆዱ አስተኝተው ጀርባውን ተጫኑት። ጥቁር ውሃ ከአፉ ወጣ፣ ከዚያ ሳል። ቀኝ እጁ በመረብና በእሾህ ቅርንጫፍ ተገምዶ፣ ከክርኑ በላይ ሥጋው ተገልጦ ነበር። ጢሞ ተንበርክኮ መረቡን በቢላ እየቆረጠ ፈታው። ቅርንጫፉ ከነገመዱ፣ ገመዱ ከነድንጋዩ ጢሞ እጅ ላይ ቀረ። ይዞት ቆመ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ስንት የተቀደደ መረብ ቆሞ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ከመሃላቸው ማንም ይህ ከየት መጣ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። ጢሞ ግራ ቀኝ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንዙ ያመጣው ቅርንጫፍ ይሆናል» አለ።

ገመድ የታሰረበት ቅርንጫፍ! ግን ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ ወንዙ ነው፣ ጎርፍ የማያመጣው የለም፣ ተባባሉ። አባዬ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር።

አባዬ የወንድሙን እጅ እያየ ነበር።

«ከወንዙ አይደለም» አለ። «ከአጥሬ ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

በመጨረሻ አመነ! «ሌባ!» ልል አፌን ስከፍት የእማዬ ጭቃማ መዳፍ ከኋላ መጥቶ ገጠመው።

አጎቴ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ እጁን አየ፤ ከዚያ ወንድሙን።

«አንተ ነህ?»

«አንተ አትገባም ብዬ ነበር።»

«ልትገድለኝ ነበር እኮ ጋሼ።»

«አንተ አትገባም ብዬ ነበር» አለ አባዬ እንደገና።  እኔ እንደማውቀው ሁለቱ ወንድማማቾች የተነጋገሩት የመጨረሻ ነገር ይህ ነው።

የፍርዱ ነገር አልቆየም። ጓዳውን የነካ ቦታ የለውም። ይህን ጮክ ብሎ ያስታወሰው ጢሞ ነው፤ «ሕግ ሕግ ነው፣ ዳኛውም ቢሆን» አለ ጢሙን እየዳበሰ። አጎቴን ተቀጥቷል ብለው ማሩት። ስለዚህ ጓዳው ላይ መረብ ጥሎ የማያውቀው አንድ ሰው ከዳርቻው ተባረረ። አባዬ አልተከራከረም፤ ደንቡን ከሁሉም በላይ የሚያምንበት እሱ ነበር። አልጋችንን፣ ድስቶቻችንንና የእማዬን መርፌዎች በበረዶ ሻጯ ጋሪ ጭነን ወጣን። መንገዱን ሁሉ፣ የታችኛው በር ሊከፈት ቀኑ ተቆርጧል እያለች አጫወተችን።

በሩ አልተከፈተም። ክረምቱ መጣ፣ ውሃው ተመለሰ፣ ድልድዩ ተሸፈነ።

ከተማ ውስጥ አባዬ የመጋዘን ጥበቃ ሆነ። ከውሃ ርቆ ሲኖር ሰውነቱ እንኳ ያጠረ ይመስለኝ ነበር። ዓመት ካለፈ በኋላ ግን የዚያ ሐይቅ ዓሣ ገበያው ላይ ታየ፤ ትልልቅ አምባዛ፣ የጠገበ ቆሮሶ። አባዬ በየሳምንቱ ይሄዳል። አይገዛም። አንዱን ያነሣል፣ መተንፈሻ ስንጥቡን ገልጦ ያያል፣ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ ለእኔ ያሳየኛል። «አየሽ? የጓዳው ዘር ነው።» ሲስቅ የማየው ያኔ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ እሾሁ እማዬ ነግራኛለች፤ ሌባ አለመሆኑን ካወቅሁ በኋላ ይህን ሳቁን ለማየት ብዬ ብቻ አብሬው እሄድ ነበር። አንዳንዴ ከመደብሮቹ ማዶ አጎቴ በግራ እጁ ዓሣ ሲመዝን እናየዋለን። ቀኙ ከክርኑ አይታጠፍም። ፊቱን ያዞራል፤ አባዬም ያዞራል።

አባዬ ባለፈው በጋ ሞተ። አጎቴ ለቀብር አልመጣም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ እኔና እማዬ የተዋስናቸውን ወንበሮች ስንደረድር፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሸብቷል። እማዬ አየችውና አንድ ወንበር ከድርድሩ አውጥታ አቀረበችለት፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

«እንዴት ነሽ ምላሳሟ» አለኝ።

ማዕረግ መሆኑ ቀርቶ ነበር። «ዘግይተሃል» አልኩት።

«ዘግይቻለሁ።» የማይታጠፈውን እጁን ጉልበቱ ላይ አመቻቸው።  ሊያለቅስ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን እንደ ተራ ወሬ አድርጎ ነው የነገረኝ።

«ጓዳው ውስጥ ምንም አልነበረም።»

«የቱ ጓዳ?»

«ያው ጓዳው ነዋ። በዚያ ዓመት ባዶ ነበር። ላዩ ሙቅ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ስትዪ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። ከአፌ የወጣው ውሃ የበሰበሰ እንቁላል ይሸት ነበር፣ እናትሽን ጠይቂያት። የሞተ ውሃ ነው። እንኳን ሊኖርበት ዓሣ አያልፍበትም።»

«ሌሎቹስ? ጢሞስ?»

«የጣለ ሁሉ ያውቃል። መረባቸው ተቀዶ ሲወጣ አንዲት ቅርፊት እንኳ አልያዘም። ግን ባዶ ነው ለማለት፣ ጥያለሁ ማለት አለብሽ። ማን ይበል? ያላወቀው ያልጣለው ብቻ ነው።»

ያልጣለው አንድ ሰው ነበር።

«ለምን አልነገርከውም ታዲያ?»

«መጀመሪያ እልህ ነበር፤ ሲያርር ይኑር ብዬ። በኋላ ልነግረው ገበያ ድረስ ሄድኩ። አንዱን አምባዛ አንሥቶ ሲያሳይሽ አየሁት። ይስቅ ነበር። ተመለስኩ።»

ከውስጥ የእማዬ የዕቃ ድምፅ ቆሟል። በሩ ኋላ ሆና እየሰማች እንደሆነ አወቅሁ።

«ታዲያ ሐይቁን የሞላው ዓሣ ከየት መጣ?»

«ከላይ፣ ወንዙ ከሚገባበት አፍ» አለ አጎቴ። «ውሃው ሲሸሽ ዓሣው ውሃ ወደሚሮጥበት ነው የወጣው። በጋውን ሙሉ እዚያ ነበር። ጭቃው ጀልባ ስለማያሳልፍ ማንም ሊደርስበት አይችልም ነበር።»